የቃል ወርቅና የስም ወርቅ፤ ስለ ኅብረ ቃል አተረጓጐም የቀረበ ሒስ

በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ቃልን ሰንጥቆ የውስጡን ማየት ከጥንት ጀምሮ የተወደደ ጨዋታ ነው። የቅኔ ተማሪ በመምህሩ ፊት፣ አዝማሪ በጠጅ ቤት፣ ሽማግሌ በሠርግ ዳስ፣ አልቃሽ በለቅሶ ድንኳን አንዱን ቃል በሁለት ፊት እያሳዩ ሲያስቁበት፣ ሲወጉበት፣ ሲያስለቅሱበትም ኖረዋል። ጨዋታውን ሁሉም ስለሚያውቀው ግን ሕጉን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ስለ ነገሩ በሚጻፈው ውስጥ ሁለት ልማዶች ሥር ሰደዋል። አንደኛው በእያንዳንዱ ቃልና ስም ውስጥ ወርቅ ተቀብሯል እያሉ ያገኙትን ሁሉ መሰንጠቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጨዋታውን ከተጫዋቾቹ ነጥሎ የአንድ ሕዝብ ጠባይ መግለጫ ማድረግ ነው።

የሁለቱም ስሕተት ምንጩ አንድ ነው፤ ይኸውም የተሰወረው ትርጉም ፍሬ በገለባ ውስጥ እንደሚገኝ በቃሉ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል ብሎ ማሰብ ነው። የተሰወረ ትርጉም ግን የሚኖረው በተናጋሪውና በሰሚው መካከል ነው። በሁለት ሰዎች መካከል የሚኖር ነገር ሁሉ እንደ ውል ስለ ሆነ መመዘኛ አለው፤ መመዘኛውን ያላለፈ ወርቅም፣ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ወርቅ ሊባል አይገባውም። ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቸልታ ሊታለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን በስም ፍቺ ምክንያት የሰዎች ትውልድና ርስት ሲወሰን ስለ ታየ፣ ጨዋታው ከማስረጃ የሚለይበትን ድንበር ማመልከት የጥናት ግዴታ ይሆናል።

መመዘኛውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ስያሜው ራሱ ይናገረዋል። አንጥረኛ ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርፃል፤ ሰሙን በጭቃ ይመርገዋል፤ ጭቃውን በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወርዳል፤ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ስፍራ የቀለጠው ወርቅ ይገባል። ከዚህ ሥራ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ወርቁ የራሱ መልክ የሌለው መሆኑ ነው። ሰሙ የጐደለበት ወርቁም ይጐድላል፤ ሰሙ የተጣመመበት ወርቁም ይጣመማል። እንግዲህ የአንድ ስንኝ ወርቅ የሚባለው ፍቺ ከሰሙ ቃላት እያንዳንዱን የሚሞላ እንጂ፣ አንዱን ቃል መርጦ ሌላውን የሚተው ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ምሳሌው የሚያበቃበትን ቦታ ያሳያል። አንጥረኛው ሰሙን አፍስሶ ይጥለዋል፤ ባለ ቅኔው ግን አይጥለውም። ሰሚው ሁለቱን ትርጉም ባንድነት ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚያገኘው ደስታ ነው ጨዋታውን ጨዋታ የሚያሰኘው። ወርቁን ብቻ አውጥቶ ሰሙን የሚጥል ተርጓሚ የቀረለት ስብከት ወይም ስድብ ነው።

የቅኔ ቤት ሊቃውንት ይህን ሕግ ጠንቅቀው ያውቃሉ። በጎንጅ፣ በዋድላና በዋሸራ ስም የሚጠሩት የቅኔ መንገዶች በአካሄድ ቢለያዩም፣ ተማሪው ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ሲወጣ የቈጠረው ቅኔ በመምህሩ ፊት ይመረመራል። ሰሙ ሳይሞላ ወርቅ አለኝ የሚል ተማሪ ይታረማል እንጂ አይመሰገንም። ደግሞም ሊቃውንቱ የአገባቡን ዓይነቶች ለያይተው ይጠራሉ። ሰምና ወርቅ በሚባለው መንገድ ምሳሌውና ባለ ጉዳዩ ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ ሁለቱም ይሰማሉ። በኅብር አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም ይሸከማል። በውስጠ ወይራ ግን የሚሰማው ሰሙ ብቻ ነው፤ ወርቁ ከላይ ምልክት የለውም፤ ወይራ ልጡና እንጨቱ በቀለም እንደሚለያዩ ዓይነት የውስጡ ከውጭ አይታይም። በተራው አነጋገር ግን ሦስቱም «ሰምና ወርቅ» እየተባሉ ስለሚጠሩ፣ ለአንዱ የተነገረው ለሌላው ይሰጣል፤ የብዙ ጽሑፎች መደናገርም ከዚህ ይጀምራል።

ሕጉ በአማርኛ እንዴት እንደሚሠራ በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። «ብዙ አጥፍቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ተማረ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢቀርብ፣ «ተማረ» የሚለው ቃል ትምህርት አገኘ ወይም ምሕረት አገኘ ተብሎ ይፈታል። በሁለቱም ፍቺ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ የሚተርፍ ቃል የለም፤ የሚጐድልም የለም። ከዚህም በላይ ሁለቱ ትርጉሞች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ያልተማረ ይማራል ወይ፣ የተማረስ ተምሯል ወይ የሚል ጥያቄ ያስነሣሉ። አሁን ደግሞ «ደጅ ስንጠና ከርመን ዛሬ ተሰማ መጣልን» የሚለውን ይመለከቷል። ሰሙ ተሰማ የሚባል ሰው መጣ ማለት ነው። ወርቁ አቤቱታችን ተሰማ ማለት ነው እንዳይባል «መጣልን» የሚለው ቃል ቦታ አጥቶ ይቀራል። ይህ ኅብር ለመሆን የጀመረ፣ ግን ያልደረሰ ነው። በመጻሕፍት ታትመው እንደ ታላቅ ምሥጢር ከሚነገርላቸው ስንኞች ስንቶቹ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን እንደሆኑ አንባቢው ራሱ ሊመረምር ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የጆሮና የወረቀት ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል ለአማርኛ ሲያገለግል የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው አይለይም። «ጅብ በሌሊት ይበላል» የሚለው ጽሑፍ፣ «በ» ከላላ የጅብን አዳኝነት፣ ከጠበቀ ግን የጅብን መበላት ይናገራል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነገር ነው። «ይሰማል»፣ «ይመታል»፣ «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ» ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። እንግዲህ በወረቀት ላይ ኅብር መስሎ የሚታየው ብዙው ነገር በንግግር ጊዜ ኅብር አይደለም፤ ተናጋሪው አጥብቆ ወይም አላልቶ ሲናገር አንዱን መርጧልና። አዝማሪው ግን በዜማው እያስረዘመና እያለዘበ ልዩነቱን ሊያደበዝዘው ይችላል፤ የእርሱም ብልሃት አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ ስንኙ በንባብ ተነግሮ ነው ወይስ በመሰንቆ ተዚሞ ነው የተሰማው ብሎ ሳይጠይቅ ኅብሩን የሚፈታ ሰው የሚፈታው ወረቀቱን እንጂ ስንኙን አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ በጆሮ የነበረው ኅብር በወረቀት ላይ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ሁለት ቃላት በንግግር ሲጋጠሙ አናባቢው ይዋጣል፤ ድንበሩም ይጠፋል። ጸሐፊው ግን በቃላት መካከል ነጥብ ወይም ክፍት ቦታ ማኖር ስላለበት ሳይወድ በግድ ለሰሚው የተተወውን ምርጫ እርሱ ይመርጣል። «ባላገር» የሚለው ቃል ተጋጥሞ ሲጻፍ በከተማ ሰው አፍ የገጠሩን ሰው ዝቅ አድርጎ ይጠራል፤ ተለያይቶ «ባለ አገር» ሲባል ግን የአገሩ ባለቤት ይሆናል። ከሳቁ በስተጀርባ የርስት ክርክር ያለበት ይህ ጨዋታ በአንዲት ክፍት ቦታ ይገደላል።

የሞክሼ ፊደሎች ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በግእዝ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ለማለት፣ «ሰረቀ» ግን ሌባ ወሰደ ለማለት ይጻፋል፤ «መሀረ» ማስተማር፣ «መሐረ» ይቅር ማለት ነው። የአማርኛ ጆሮ ይህን ልዩነት ከተወ ብዙ ዘመን አልፏል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው፣ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. በወጣው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ፊደሎቹ እንደየሥራቸው እንዲጠበቁ ተከራክረዋል። ፊደል ይቀነስ የሚሉት ደግሞ ድምፅ ያልለየውን ጽሕፈት ለምን ይለያል ይላሉ። ለኅብር አጥኚ ግን ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል። ጆሮ ሁለቱን አንድ ስላደረጋቸው «ተማረ» ኅብር ሆነ፤ ጽሕፈት ሥራቸውን ስለ ጠበቀ ኅብሩ ከየት እንደ መጣ ታወቀ። የቃሉ ጨዋታ የሚያርፈው በድምፅ አንድነት ላይ ነው፤ የጨዋታው ታሪክ የሚታወቀው ግን በፊደል ልዩነት ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት ስሕተት ነው።

ጨዋታውን የሕዝብ ጠባይ መግለጫ ወደ ማድረግ ልማድ ሲመጣ ደግሞ በቅድሚያ የሚነሣው የዶናልድ ሌቪን መጽሐፍ ነው። ይህ አሜሪካዊ የኅብረተ ሰብ ተመራማሪ በመንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1965 እ.አ.አ. በቺካጎ ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፣ ይህ የቅኔ አገባብ የአማራን ሕዝብ የአነጋገርና የአስተሳሰብ ፈሊጥ የሚከፍት ቁልፍ መሆኑን ይከራከራል። ኅብረ ቃል ለቀልድ፣ በማያስቀጣ መንገድ ለመሳደብ፣ የግል ጉዳይን ከሰው ዓይን ለመከለልና ባለ ሥልጣንን ለመንቀፍ ያገለግላል ማለቱ በብዙ ማስረጃ የተደገፈ ነው፤ መጽሐፉም በዘመኑ የውጭ አገር ጸሐፊዎች እንደ ተራ ነገር ያልፉት የነበረውን ጉዳይ ወደ ጥናት መድረክ ስላወጣው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከአገባብ ወደ ጠባይ የተደረገው ዝላይ ድልድይ የለውም።

በመጀመሪያ የቅኔ ሰምና ወርቅ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ነው። አንድ ሕዝብ በጠቅላላው የቅኔ ተማሪ ሆኖ እንደማያውቅ ሁሉ፣ የጥቂቶች ጥበብ የሁሉ ጠባይ ሊሆን አይችልም። ቅኔው ራሱ የአማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ ሀብት አይደለም፤ የትግራይ ሊቃውንትም በግእዝ ሲቀኙበት የኖሩት ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ኅብር የሚወደው ይኸው ማኅበረ ሰብ ቃልን አጥብቆ የሚይዝበት ሌላ አደባባይ ነበረው፤ ይኸውም የሙግት አደባባይ ነው። በበላ ልበልሃና በተጠየቅ ሙግት ተከራካሪው የተናገራት ቃል ትያዝበታለች፤ በእሰጥ አገባ ማር ወይም በቅሎ ይወራረድባታል፤ ቃሉን ያጠፈ ይረታል። በጠጅ ቤት የቃል ሁለትነት ያስመሰገነው ሰው በዳኛ ፊት በቃሉ ሁለትነት ይቀጣል። እንግዲህ ሕዝቡ ቃል የሚፈታበትንና የሚታሰርበትን ቦታ ለይቶ ያውቃል፤ ጠባዩ የሚገኘውም በዚህ መለየት ላይ ነው። አንዱን አደባባይ ብቻ አይቶ ሕዝቡ ግልጽ ነገር አይወድም ማለት፣ አንድን ሰው በሠርጉ ቀን አይቶ ዘወትር ይዘፍናል እንደ ማለት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ኅብርና ምስጢራዊ ንግግር መለየት አለባቸው። ዎልፍ ሌስላው በ1964 እ.አ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአዝማሪዎችንና የሌሎችን ወገኖች ስውር ቋንቋዎች ሰብስቧል። አዝማሪዎቹ ከማኅበራቸው ውጭ ያለ ሰው እንዳይሰማቸው ለተራው ነገር ሁሉ የራሳቸው ቃላት አሏቸው። እዚህ ላይ ስውሩ ቃሉ ራሱ ነው፤ ባይተዋሩም በሩ ተዘግቶበታል። በኅብር ግን አንድም ስውር ቃል የለም፤ ቃላቱ ሁሉ የአደባባይ ናቸው። ሰሚው ሁሉ ቃሉን ሰምቷል፤ ወርቁን የሚለየው የነገሩን ሁኔታ ማወቁ ብቻ ነው። አንዱ አዝማሪ ለጓደኛው በስውር ቋንቋ «ይህ ሰው ንፉግ ነው» ቢለው ምስጢር ነው፤ ይህንኑ በኅብር ለንፉጉ ቢዘፍንለት ግን ንፉጉ እንዲሰማው ጭምር ነው። የመጀመሪያው ለመደበቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን ደብቆ ለማሳየት ነው። ሌቪን የሁለተኛውን ዓይነት በመጀመሪያው መነጽር ስላየው ከጨዋታው ይልቅ መሸሸጉ ጐልቶ ታየው።

ከግጥም ወደ ስም ሲመጡ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ስም ግጥም አይደለምና። የአማርኛ የተጸውዖ ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። «ጥላሁን» ለልጁ የተነገረ ትእዛዝ ነው፤ «ሺፈራው» ስለ ልጁ ለሌላ የተነገረ ወሬ ነው፤ «ስንታየሁ» የእናት ወይም የአባት የራስ ንግግር ነው፤ «ታረቀኝ» ከፈጣሪ ወይም ከሰው ጋር የተፈጸመ እርቅ መታሰቢያ ነው። «ተዋቸው» ሲባል እነማን እንደሚተዉ የሚያውቁት ጐረቤቶች ናቸው፤ እነዚያው ጐረቤቶች ልጁን በጠሩት ቁጥር በእነርሱ ላይ የተነገረውን ቃል በራሳቸው አፍ ይደግሙታል። «ካሣ»፣ «ምትኩ»፣ «ማስረሻ» የሚባሉት ስሞች አስቀድሞ የሞተ ሰው መኖሩን ያመለክታሉ። የእነዚህ ስሞች ወርቅ ከመዝገበ ቃላት አይገኝም፤ በቤተ ሰቡ ታሪክ ውስጥ ነው። ስሙን ጽፎ ትርጉሙን ከመዝገበ ቃላት ያሟላ ሰብሳቢ ሰሙን ሰብስቧል፤ ወርቁን ግን ትቶት ሄዷል።

ለዚህ ማስረጃ የሁለት ነገሥታት ስም ይበቃል። በ1855 እ.አ.አ. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስና በ1872 እ.አ.አ. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመንገሣቸው በፊት ሁለቱም «ካሣ» ይባሉ ነበር። በመዝገበ ቃላት ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚለያቸው የፈረስ ስማቸው ነው፤ አንዱ አባ ታጠቅ፣ ሌላው አባ በዝብዝ ተብለዋል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1969 እ.አ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ያወጡት የፈረስ ስም ጥናት የሚመሰገነው፣ ስምን ከነባለቤቱ ስለሚመዘግብ ነው። ደግሞም እውነተኛ ስውር ስም ካለ የክርስትና ስም ነው፤ መድኃኒተኛ እንዳይጐዳበት እየተባለ ከሰው ጆሮ ይጠበቅ ነበርና። እቴጌ ምንትዋብ በቁንጅናዋ ምክንያት «ምን ትዋብ» በሚል አድናቆት ስትጠራ፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነበር። ሦስቱ ስሞች ሦስት አደባባዮች ነበሯቸው፤ አንዱን ሰንጥቆ ሌላውን ማግኘት አይቻልም።

ስም ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ ወርቅም አለ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በ1861 እ.አ.አ. ተወለደ፤ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1868 እ.አ.አ. ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በ1879 እ.አ.አ. በ18 ዓመቱ በዚያው ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። በአማርኛ «ዓለም» ደስታና ተድላ ማለት ነው፤ ምድርም ማለት ነው። ስሙ ሲወጣ የተፈለገው የመጀመሪያው ነው ቢባል ከልማዱ ጋር ይስማማል፤ «ዓለሜን አየሁ» የወላጅ ደስታ ነውና። ከሞቱ በኋላ ስሙን የሚሰማ ሰው ግን ልጁ ሳይወድ ባሕር ተሻግሮ ያየውን ዓለም ያስባል፤ ተናጋሪውም ከወላጅ ወደ ልጅ ይዛወራል። ይህ ኅብር ልብ የሚነካ ነው፤ መመዘኛውንም ያልፋል፤ ሰሙና ወርቁ ሁለቱም ሙሉ ናቸውና። ነገር ግን የኋለኛው ትርጉም ባለቤት ሐዘንተኛው ሰሚ ነው እንጂ ስም አውጪው አይደለም። ይህን ፍቺ ትንቢት ነበር ብሎ ወደ ኋላ መመለስ የሰሚውን ሥራ ለአባት መስጠት ነው። በስም ላይ የሚነገረው ትንቢት ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ የባለቤትነት ስሕተት ነው።

የመጨረሻውና ከባዱ ጉዳይ የስም ፍቺ እንደ ታሪክ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። የላሊበላ ገድል ንጉሡ በሕፃንነቱ ንቦች ከበውት እናቱ ንቦች ንግሥናውን ዐወቁ ብላ ስም እንዳወጣችለት ይናገራል። በሌላ በኩል «ላል» ማር ነው፤ «ላል ይበላል» ማለት ነው የሚል ፍቺ ይነገራል። በአንደኛው ንቦቹ ዐዋቂዎች ናቸው፤ በሁለተኛው ንጉሡ ማር በሊታ ነው፤ ሁለቱ በሰዋስው ሊታረቁ አይችሉም። ሁለቱም የሚመሰክሩት የንቡ ታሪክ በሕዝቡ ዘንድ ያለውን ሥልጣን ነው። የቃሉን ሥር መመስከር ግን የአገው ቋንቋ ሥራ ነው፤ ይህም ቋንቋ በዋግና በላስታ የሚናገሩት ስላሉ አጥኚው ከእነርሱ ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ይገባዋል። «አማራ» የሚለውን ስም «ዓም» ሕዝብ፣ «ሐራ» ነጻ ብለው ለሁለት የሚሰነጥቁትም እንዲሁ ናቸው። በግእዝ «ዓም» ዓመት ነው፤ ሕዝብ የሚሆነው በዕብራይስጥ ነው፤ «ሐራ» ደግሞ በግእዝ ጭፍራ ነው። ግማሹን ከአንዱ ቋንቋ፣ ግማሹን ከሌላው ተበድሮ፣ የተበደረውንም እንደ ፈቃዱ ለውጦ የተሠራ ስም ማንኛውንም ሕዝብ ማንኛውንም ነገር ሊያሰኝ ይችላል።

የስም ፍቺ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። በክብረ ነገሥት የሰሎሞን ልጅ «በይነ ለሕክም» ይባላል። ይህ ስም በግእዝ ሲመረመር ትርጉም አይሰጥም፤ በዐረብኛ ግን «የጠቢቡ ልጅ» ከሚለው ቃል የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው። እዚህ ፍቺው የሚታመነው ሦስት ነገሮች ስለ ተገናኙ ነው። ቃሉ በሙሉ ተፈትቷል፤ የተፈታው በአንድ ቋንቋ ነው፤ መጽሐፉም ራሱ ከዐረብኛ መተርጐሙን በመጨረሻው ይናገራል። እነዚህ ሦስቱ ለማንኛውም የስም ፍቺ ሊጠየቁ ይገባል።

«ፈላሻ» በተባለው ስም ላይ የደረሰው ይህን አለመጠየቅ ምን ያህል እንደሚጐዳ ያሳያል። ቤተ እስራኤል ራሳቸውን በዚህ ስም አይጠሩም፤ ሌሎች ያወጡላቸው ነው፤ ይንቁበታልም። ቃሉ «ፈለሰ» ከሚለው ግሥ ጋር ስለሚያያዝ ብዙዎች «ከውጭ አገር የፈለሰ፣ መጻተኛ» ብለው ፈቱት፤ ከዚያም ፍቺውን መልሰው ሕዝቡ ባዕድ ለመሆኑ ማስረጃ አደረጉት። ነገር ግን ከ1414 እስከ 1429 እ.አ.አ. በነገሡት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን እንደ ተነገረ የሚጠቀሰው አዋጅ ቃሉን በሌላ ቦታ ያቆመዋል፤ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን የሚል ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ፈላሲ ከሩቅ የመጣ ሰው አይደለም፤ በገዛ አገሩ ርስቱን የተነቀለ ሰው ነው። ያው «ፈላሲ» መነኩሴንም ስለሚጠራ፣ ዓለምን የተወ ሁሉ ከባሕር ማዶ መጣ ካልተባለ በቀር ቃሉ ብቻውን የትውልድ አገር አይመሰክርም። እንግዲህ ፍቺው የፍርድን ውጤት የትውልድ ምንጭ አድርጎ አቀረበው፤ በሕግ የተነጠቀው ርስት በሰዋስው ተረጋገጠበት። ከዚያም ከ1984 እ.አ.አ. ጀምሮ ወደ እስራኤል ከገቡት ብዙዎቹ በተለይም ልጆቹ የዕብራይስጥ ስም ሲሰጣቸው፣ ወላጆቻቸው በአማርኛና በትግርኛ ያወጡላቸው ስሞች ከነዐረፍተ ነገራቸው ከመዝገብ ወጡ። አንድ ሕዝብ በአንድ በኩል ያልመረጠውን ስም ተሸከመ፤ በሌላ በኩል የመረጠውን ስም ተቀማ። በሁለቱም ጊዜ የባለ ስሙን ቃል የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መመዘኛ አጭር ነው። ሰሙ ሙሉ ይሁን፤ ወርቁ ከሰሙ አንድም ቃል አያስተርፍ፤ ሁለቱም ትርጉሞች በሰሚው ቋንቋና ዕውቀት ውስጥ የነበሩ ይሁኑ። ፍቺው የታሪክ ማስረጃ እንዲሆን ሲፈለግ ደግሞ አራተኛ ይጨመር፤ ከቃሉ ውጭ የሆነ ሌላ ምስክር ይቅረብ። ሰብሳቢውም ስንኙን ሲጽፍ የጠበቀውንና የላላውን ያመልክት፤ ቃላቱ የተጋጠሙበትን ድንበር ሳይወስን ሁለቱንም አጻጻፍ ያስቀምጥ፤ በዜማ ይሁን በንግግር እንደ ተሰማ፣ ማን ለማን እንደ ተናገረው፣ ማንስ እንደ ሣቀ ይመዝግብ። ስም ሲሰበስብ ስም አውጪውን፣ ጊዜውንና ምክንያቱን ይጠይቅ።

ይህ ጥንቃቄ ዘግይቶ የቀረ እንደሆነ ምን እንደሚከተል የታወቀ ነው። ኢኛሲዮ ጉዊዲ በ1889 እ.አ.አ. ያሳተማቸው፣ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለነገሥታት የተዘፈኑ ጥንታዊ የአማርኛ መዝሙሮች እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያስቸግራሉ። ፊደሉ ይነበባል፤ ከቃላቱም ብዙዎቹ ይታወቃሉ፤ የጠፋው የሰሚዎቹ ዕውቀት ነው። በዛሬው ዘመን የሚነገሩት ኅብሮችና ስሞች ግን ሰሚዎቻቸው ገና በሕይወት አሉ፤ ሊጠየቁም ይችላሉ።